ለመጫወቻ ጠመንጃ ፈቃድ የጠየቁት ሰው

ኮንዶሚኒየም የሚሠራ መሐንዲስ የውሃ ቧንቧ ሊረሳ ይችላል፤ አንድ ሕግ አክባሪ ሰው ሳያስገባበት ግን ቁልፍ አያስረክብም። በየብሎኩ አንድ አለ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ ደረጃው ላይ ያስቀመጣችሁትን የአበባ ማሰሮ እያዩ «ይኼ በማን ፈቃድ ነው?» የሚሉት ሰውዬ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በእነ ወይዘሮ የሻረግ ብሎክ፣ ይኼ ሰው የወይዘሮ የሻረግ የራሳቸው ባል ሆኖ ተገኘ። ጎረቤት ቢሆን በር ይዘጉበት ነበር። ባል ሆነና አብረው ይኖራሉ።

ክቡር አቶ ኃይለሚካኤል ይባላሉ። «ክቡር» የምትለዋን ማዕረግ የሰጧቸው ወይዘሮ የሻረግ ናቸው፤ በእሷ የሚጠሯቸውም ሲናደዱባቸው ብቻ ነው። ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እዚያ መጥረጊያ እንኳ ያለ ፊርማ ከመጋዘን አይወጣም ነበር። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን አስረከቡ፣ ጠባዩን ግን ይዘውት ቤት ገቡ። ለሁሉ ነገር የሚሏት አንዲት ነገር አለቻቸው፦ «ሁሉም ነገር ባለቤት አለው። ባለቤቱን እንጠይቅ።»

ወይዘሮ የሻረግ በዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዩትን መከራ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። አንድ ጊዜ በከተማው ባቡር ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ፣ ባቡሩ ከመታጨቁ የተነሣ ትኬት የሚያይ ሰው ሳይመጣ መውረጃቸው ደረሰ። ሌላው ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ወረደ። ክቡርነታቸው ግን «ትኬቴን ሳያዩልኝ?» ብለው ተቆጣጣሪውን ፍለጋ በሕዝብ መሃል ሲጋፉ ለቅሶው ተበተነ። ሰንጋ ተራ ጋ መኪና ዝር በማይልበት የበዓል ጠዋት ዜብራ ፍለጋ መንገዱን ሙሉ አዙረዋቸዋል። የጎረቤት ሠርግ ላይ ደግሞ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ከማለታቸው በፊት፣ ድንኳኑ መንገድ ለመዝጋት ፈቃድ እንዳለው የሙሽራውን አባት ጠየቁ። ሰዎቹ ከወረዳ የመጡ መስሏቸው ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጧቸውና ጥሩ ጥሩውን ብልት እየመረጡ አቀረቡላቸው። ወይዘሮ የሻረግ በር አካባቢ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ያዩአቸው ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ወጥቶ ምን ቢሰበስብ ደስ ይላችኋል? ቴምብር? የድሮ ሣንቲም? ምን አለፋችሁ፣ ክቡርነታቸው የሚሰበስቡት የመጫወቻ ጠመንጃ ነው። ያውም ከእውነተኛው የማይለየውን።

የጀመራቸው ከታች ሱቅ ባላት በፈሪዳ በኩል ነው። ፈሪዳ ለኢድ ለልጆች ብላ ካመጣችው መጫወቻ መሃል አንድ ቁርጥ እውነተኛ የሚመስል ሽጉጥ ነበር፤ ልጆቹ ከበዳቸውና ማንም ሳያነሣው በዓሉ አለፈ። አቶ ኃይለሚካኤል ስኳር ሊገዙ ወርደው እሱን ይዘው ወጡ። ስኳሩን ረሱት። ከዚያ ወዲያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ክላሽ የሚመስል መጣ፣ ኮልት የሚመስል መጣ። በመጨረሻም ከእንጨት የተሠራ፣ ማንገቻ ያለው፣ ቁጭ ምንሽር የመሰለ ረጅም ጠመንጃ መጣና ወይዘሮ የሻረግ የክት ቀሚሶቻቸውን አጣጥፈው አልጋ ሥር ከተቱ።

አቀማመጡ ሕግ አለው። ጠመንጃዎቹ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ። የላስቲክ ጥይቶቹ ለብቻቸው ወጥ ቤት፣ ከሽሮው ዕቃ ኋላ ይቀመጣሉ። ቁልፉ የሚኖረው ወይዘሮ የሻረግ ዘንድ ነው፤ ሳጥኑም እንደ መጋዘን ወግ ሁለት ሰው ባለበት ካልሆነ አይከፈትም። ስለዚህ ክቡርነታቸው መሣሪያ መወልወል ባማራቸው ቁጥር ሚስታቸው የያዙትን ሥራ ትተው መጥተው አጠገባቸው መቀመጥ አለባቸው። «እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ኮሚቴ?» ይሉ ነበር መጀመሪያ። በኋላ ለመዱትና የሚለቀም ምስር ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እውነቱን ለመናገር ያቺ ሰዓት ደስ ትላለች። ምሳ ተበልቶ፣ ግቢው ጭር ብሎ፣ ፀሐይ በመጋረጃው ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ማር የተቀባ ይመስላል። ከታች የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንደ ሩቅ ዜማ ይሰማል። አቶ ኃይለሚካኤል ምንሽሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጨርቅ ቀስ እያሉ ያሹታል፤ እጃቸው እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ፊታቸው ላይ ያ የመዝገብ ቤት ቁጣ ይጠፋና የሆነ ልጅ ይመጣበታል። ታዲያ በእንቅልፋቸው ሁሌ የሚሏት አንዲት ነገር አለች። «ፈቃድ የለኝም» ይላሉ፣ በቀጭን ድምፅ። ወይዘሮ የሻረግ ምስራቸውን እየለቀሙ ይስቃሉ። አይ ኃይሌ፣ በሕልሙም ቢሮ ለቢሮ ይዞራል እኮ።

ሳቁ ግን ሲያልቅ ሥጋት ነበረ። ማዶ ካለው ብሎክ አንድ ሰው በመስኮት ቢያያቸውስ? ጠመንጃ የታቀፈ ሰው ተኝቷል ብሎ ፖሊስ ቢጠራባቸውስ? መጫወቻ ነው ብለው እስኪያስረዱ ማን ይጠብቃቸዋል?

አንድ ቀን ፈሪዳ ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። «እትዬ የሻረግ፣ ወሬ ሰምቻለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እውነተኛ የሚመስለውን መጫወቻ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል እየተባለ ነው። እኔ የቀረኝን ሰብስቤ መልሻለሁ። ጋሼም ይጣሉት በይ።»

ወይዘሮ የሻረግ ክው ብለው ወጡና ለባላቸው ነገሯቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በጆንያ ጠቅልሎ ይደብቀዋል፣ ወይም ቆሻሻ ገንዳ ይጥለዋል። ክቡርነታቸው ግን የምሥራች የተነገራቸው ነው የመሰሉት።

«ፈቃድ አለው ማለት ነው?» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«የለህም ነው የምልህ!»

«ፈቃድ ካለው መስጫ አለው የሹ። ባለቤቱን እንጠይቅ።»

ጠየቁ። መጀመሪያ የሄዱበት ቢሮ መጫወቻ ከሆነ የሕጻናት ጉዳይ ነው አላቸው። ሕጻናት ጉዳይ ዕድሜያቸውን አይቶ መለሳቸው። የባህል ክፍል ቅርስ ከሆነ ይመጣል፣ የቻይና ፕላስቲክ ግን ገና ቅርስ አልሆነም አለ። ንግድ ክፍል ካልሸጡት አያገባኝም አለ። አቶ ኃይለሚካኤል ቅር አላላቸውም። በየቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ጉርድ ፎቷቸው ጥግ ላይ የተለጠፈበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እያለሙ ፈገግ ይላሉ። በመጨረሻ አንዱ «ፖሊስ ጣቢያ ይሞክሩ» አላቸው።

እዚህ ላይ ነው እሳቸውን የመሰለ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠሩት። በንብረት ክፍል ደንብ ያልታየ ዕቃ አይመዘገብም። ስለዚህ ጠመንጃዎቹን በሙሉ በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው ተነሡ። ሚስታቸው ታክሲ እንያዝ ቢሏቸው «መሣሪያ የሚመስል ነገር ታክሲ ላይ መጫን ማን ፈቀደልን?» አሉ። በጠመንጃ ያዥ መንደር አቋርጠው በእግራቸው ሄዱ፤ ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን አጥብቀው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። የክላሹ አፈ ሙዝ ከጋቢው ሾልኮ ወጥቶ ነበርና ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል። ክቡርነታቸው አክብሮት መስሏቸው ግራና ቀኝ እጅ እየነሡ አለፉ።

የጣቢያው በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ «ምንድነው የያዙት አባባ?» አለ።

የልጆች መጫወቻ ነው ቢሉ ምናለበት። ክቡርነታቸው ግን ማሳጠርም መዋሸትም አያውቁም። «የጦር መሣሪያ መሰል ዕቃዎች ናቸው፤ ላስመዘግብ ነው» አሉና ለማሳየት ክላሹን ከጋቢው ውስጥ መዘዙት።

ልጁ ወደ ኋላ ዘሎ የራሱን ጠመንጃ ደገነ። በሩ ላይ የነበረው ሰው ተበተነ። አቶ ኃይለሚካኤል ክላሹን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ፤ ጣል ቢባሉም አልሰሙም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወይዘሮ የሻረግ ያን ጊዜ ምን እንደገፋቸው አያውቁም። በሁለቱ መሃል ገቡና እጃቸውን ዘርግተው «በሕግ አምላክ!» አሉ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ልጁም ቆመ። ወይዘሮ የሻረግ ክላሹን ከባላቸው እጅ ነጥቀው አስፋልቱ ላይ ወረወሩት። ሆዱ ተከፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹ ተንከባለሉና የልጁ ጫማ ሥር ደርሰው ቆሙ።

«መጫወቻ ነው ልጄ» አሉት። ጎንበስ ብለውም ድንጋዮቹን ለቀሙ።

ሳጅን ሞቱማ የሚባል የጣቢያው ሰው ወጥቶ አስገባቸው፣ ውሃ ሰጣቸው፣ ጋቢውንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አንድ በአንድ አንሥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ፋዘር፣ ዛሬ ሰው ሞቶ ነበር እኮ። ይኼን ይዞ መንገድ ለመንገድ መሄድ ጨዋታ አይደለም። እዚሁ ትተውት ይሂዱ፤ እኛ እናስወግደዋለን።»

ወይዘሮ የሻረግ እሰይ፣ ተገላገልኩ ሊሉ ነበር። ዞር ሲሉ የባላቸውን ፊት አዩት። ያ በእንቅልፋቸው የሚመጣው ልጅ ነው የተቀመጠው።

«ታቃጥሉታላችሁ?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

«ምን አሉኝ?»

«ልጅ ሆኜ ጠመንጃ ያዥ ነበር ቤታችን። አባቴ ከዋንዛ ጠርቦ ጠመንጃ ሠርቶልኝ ነበር። ቁጭ ምንሽር ነበር የሚመስለው፤ ማንገቻም ነበረው። በደርግ ጊዜ የቤት አሰሳ መጣ። እናቴ ከእጄ ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሳለቅስባት “ፈቃድ የለውም ልጄ” አለችኝ። አሳሾቹ ገቡና ቤቱን በረበሩት፤ ምንም አላገኙም። ሲወጡ ምድጃው ጋ ቆመው እጃቸውን አሞቁበት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ፈቃድ ቢኖረው ኖሮ አይቃጠልም ነበር ብዬ ነው ያደግሁት።»

ወይዘሮ የሻረግ ይህን ታሪክ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሰምተውት አያውቁም። አንጀታቸውን በላቸው። ስንት ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀሙ የሳቁባት ያቺ ቀጭን ድምፅ ትዝ አለቻቸውና አፈሩ።

ሳጅን ሞቱማ ምንሽሩን እውነተኛ እንደሆነ ሁሉ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «ፋዘር፣ እኔ ለመጫወቻ የምሰጠው ፈቃድ የለኝም» አለ። «ውጪ ላይ እንዳይታይ ግን እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ ላለው፣ የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ከወሰደ ይዛችሁት ግቡ።» ወደ ወይዘሮ የሻረግ ዞረ። «ማዘር፣ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

በጣቢያው ፒካፕ አሳፍረው መለሷቸው። ክቡርነታቸው ከመሳፈራቸው በፊት የግል ሰው በመንግሥት መኪና መሄድ ይችል እንደሆነ ሹፌሩን ጠየቁት። ግቢ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ፤ አቶ ኃይለሚካኤል ታስረው ተፈቱ የሚለው ወሬ እስከ ሰንጋ ተራ ደረሰ።

ግን ክቡርነታቸው ከዚያ ቀን ወዲያ ሳጥኑን አላስከፈቱም። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ። «በቃል የተሰጠ ነገር ነው የሹ» አሉ። «ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን አሳየዋለሁ?»

ወይዘሮ የሻረግ የብሎኩ ሴቶች እድር ጸሐፊ ናቸው፤ የእድሩ ማኅተም የሚቀመጠው እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ክብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ ለሞተ ሰው ጉዳይ እንጂ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ተመትቶ አያውቅም። ግንቦት ልደታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ንፍሮ ሲቃመስ፣ ወይዘሮ የሻረግ የእድሩን ሴቶች ሰብሰብ አድርገው አስፈቀዱ። በሕግ እንሂድ ከተባለ በሕግ ነው። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት አንዲት ወረቀት ለባላቸው ሰጧቸው።

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ጠመንጃዎቹን በቤት ውስጥ መያዝ ተፈቅዷል። ከበር አይወጡም። ሲወለወሉ መጋረጃ ይዘጋል። ሳጥኑ ባልና ሚስት ባሉበት ብቻ ይከፈታል። ፈቃዱ በየዓመቱ በግንቦት ልደታ ይታደሳል፤ ባለፈቃዱ ራሳቸው በአካል ካልቀረቡ አይታደስም።

«በተወካይ አይቻልም?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አይቻልም።»

«ብታመምስ?»

«ታመህም ትቀርባለህ። መቅረት የለም» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። ፈሪዳ ንፍሮውን እንደያዘች፣ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ሌላ ዞር አደረገች።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ መጋረጃው ተዘጋ፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ወረቀቷ አቶ ኃይለሚካኤል የደረት ኪስ ውስጥ ናት። ምንሽሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ እጃቸው ዘገየ፣ ዘገየ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ወይዘሮ የሻረግ ምስሩን ትተው ጠበቁ። ያቺ ቀጭን ድምፅ አልመጣችም። ክቡርነታቸው ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሳየሁት» አሉ።

«ማንን?»

«እሳቱ ጋ የቆመውን ሰውዬ። ማኅተሙን አየና የማን ነው አለኝ። የባለቤቴ ነው አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«“እለፍ” አለኝ። ጠመንጃዬን ይዤ አለፍኩ።»

ወይዘሮ የሻረግ እሺ ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ጠጠሩን ከምስሩ መለየት አቃታቸው። የዚያን ቀን ማታ ወጡ ጥርስ የሚሰብር ጠጠር ነበረው። ክቡርነታቸው እስከ መጨረሻው በሉት፤ በማን ፈቃድ ነው ብለው አልጠየቁም።