ሰላምታ የሚገድልበት ጨዋታ

«ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው የእኔን ኮምፒውተር ቢያይ ኖሮ ለመነኩሴው ያዝንለት ነበር፤ እሱ ቢያንስ ሰፍቶ ሲጨርስ የሚደፋው ቆብ አለው። እኔ ቀኑን በጨርቅ ሱቃችን ሜትር ይዤ ስለካ እውልና ከመግሪብ ሶላት በኋላ የኮምፒውተር ጨዋታ እሠራለሁ። እሠራለሁ ስላችሁ ታዲያ ብዙ እንዳታከብሩኝ። ፕሮግራሙ ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ የታሰበ ነው፤ ዛፉም፣ መንገዱም፣ ጠላቱም ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የእናንተ ድርሻ በማውዝ እየጎተቱ ቦታ ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው። ሚስቴ «ዕቃ ዕቃ» ትለዋለች። ልክ ናት።

አንድ ክረምት ግን ዕቃ ዕቃው ለቁም ነገር ተፈለገ። አባቴ ታሞ ከተነሣ በኋላ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ፣ ጣቶቹን በየቀኑ ካላሠራቸው እንደ ደረቁ ይቀራሉ ብሎ ለስላሳ ኳስ እንዲጨብጥ አዘዘለት። አባቴ ኳሱን አገላብጦ አየና ለልጄ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣትም ተወ። ሰፈራችንን አዲስ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ያዘ። ምክንያቱን የነገራት ለእናቴ ብቻ ነው። «ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ምን ልሰጠው ነው? ግራ እጄን?» አላት። ግራ እጅ ዘርግቶ ሰላም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

ኳስ እንቢ ያለ ጣት ቁልፍ ቢነካስ ብዬ ጨዋታ ሠራሁለት። አንድ ሰውዬ ከሱቃችን ተነሥቶ፣ ቅዳሜ ገበያን አቋርጦ መስጊድ ይደርሳል። ፕሮግራሙ መንገዱ ላይ ጠላት አቁም ስላለኝ፣ ጭራቁን አንሥቼ የገበያ ሰው ተካሁበት፦ ተሸካሚ፣ ሽንኩርት ሻጭ፣ ደግሞም በአዘዞ በኩል እህል የሚያመጣልንን ባላገር፣ አያ ሙላትን ከነአህያው። እነሱን የነካ ይሞታል። ነፍሱ ሦስት ናት።

አባቴ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። በስንት ልመና ቁልፉን ጫን ሲያደርግ ሰውዬው ተራመደ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀጥ ብሎ ሄዶ ሽንኩርት ሻጯን ነካ። ሞተ። ተሸካሚውን ነካ፤ ሞተ።

«አባባ፣ ራቅ እያልክ እለፋቸው እንጂ» አልኩት።

«ይሄ አያ ሙላት አይደለም?»

«ነው።»

«እና ሰላም ሳልለው ልለፈው?»

ሄዶ ነካው፤ የቀረችውም ነፍስ ወጣች። አባቴ ወንበሩን ገፋ። «ሰላም ያለ ሰው የሚሞትበት አገር የት አይተህ ነው የሠራኸው?» አለና ወደ ሶፋው ተመለሰ።

በማግስቱ ሕጉን ገለበጥኩት፤ የነካ ነፍስ ይጨመርለታል፣ ዝም ብሎ ያለፈ ይቀነስበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመቀነስ ምልክቷን በመደመር መተካት ብቻ ነበር። አባቴ አሁንም ጉድለት አገኘበት። «እንዴት ነህ ብቻ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡስ?» አለ። ለየጥያቄው የየራሱን ቁልፍ ሰጠሁት፤ ለአያ ሙላት «አህያዋስ?» የሚልም ተጨመረ። እንግዲህ እሱን ሰላም ለማለት አምስቱም ጣቶች ሥራ ያዙ። በዚህ ሁሉ ሰላምታ መስጊዱ በሰዓቱ የሚደረስበት ስላልሆነ የጨዋታውን ሰዓት ቆጣሪ ራሴ አጠፋሁት።

ክረምቱ በዚሁ አለፈ። አንዳንድ ቀን ጣቶቹ ያምፁና ይበሳጫል። መብራት ሲጠፋ ግን ከእኔ ብሶ የሚበሳጨው እሱ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ለምሳ ስገባ ሶፋው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ሰውዬው ገበያው መሐል ብቻውን ቆሟል። ደንግጬ እናቴን ጠየቅኋት።

«አያ ሙላት እህል አራግፎ ሲሄድ፣ እዚህችው እስከ ወፍጮ ቤቱ ልሸኘው ብሎ ወጣ» አለች።

«መቼ?»

«ረፋድ ላይ።»

ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆመዋል። አባቴ የአያ ሙላትን እጅ ይዟል፤ በቀኙ። ጠበቅ አድርጎ ባይሆንም አልለቀቀውም። አህያዋ ሰልችቷት ራሷን ደፍታለች።

«ጥጃዋስ?» ይላል አባቴ።

«ሸጋ ናት። ምነው ግን እንዲህ ጠፋህ?» ይላል አያ ሙላት።

ጥግ ይዤ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ አያውቅም። ጊዜ የለውም፤ መስጊድ ለመድረስ ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት ብታዩ ሌላ ከተማ የሚሄድ ይመስላችኋል። በዓለም ላይ የነበረኝን አንድ ተጫዋች አጣሁ። አላህ ሁሌም እንዲህ ያሳጣኝ።