የጋሽ አማካሪ አምባዛዎች

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። «እኛ ሰፈር የለም» የሚል ካለ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

የእኛው ክቡር ጎረቤት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ «ጋሽ አማካሪ» እንላቸዋለን። ለሐኪሙ ስለ መድኃኒት፣ ለግንበኛው ስለ ሲሚንቶ ያስተምራሉ። እኔ ስወልድ ስለ ጡት ማጥባት አስረድተውኛል፤ ለጨዋነት ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። መዝጊያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።»

አምና የሰው ልብስ ማጠቡ እጄን ሲልጠኝ ጓሮዬን ቆፈርኩ፤ ላስቲክ አንጥፌ ውኃ ሞላሁና ሁለት መቶ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ለቀቅኩበት። ዓሦቹ ካደጉልኝ ከሰው ቤት ሳፋ ተላቅቄ፣ ልጄን ቤቴ ሆኜ አሳድጋለሁ ብዬ ነበር። ኩሬው አረንጓዴ መልበስ ሲጀምር ጋሽ አማካሪ ሁለት አምባዛ በባልዲ ይዘው ከች አሉ።

«ቅጠል በል ነው፤ ያጸዳልሻል» አሉኝ። ለማስረጃ የሰላጣ ቅጠል ጣል አደረጉ፤ አንዱ አምባዛ ዋጥ አደረገው። እሳቸውም ፍርድ እንደሰጠ ዳኛ ዞር ብለው አዩኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ቅጠልም ሥጋም የሚበሉ ዓሦች እንዳሉ፣ አምባዛም ከእነሱ አንዱ እንደሆነ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ግን አባቴ የሚሆኑ ሰው ውኃ የሞላ ባልዲ ተሸክመው መጥተው ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝና አመስግኜ ተቀበልኳቸው።

አምባዛዎቹ ሰው ሲያያቸው ቅጠላቸውን በጨዋ ደንብ ይበላሉ። በወሩ ግን እነሱ ወፈሩ፣ ቆሮሶዎቼ ሳሱ። ውኃ ልቀይር ኩሬውን ሳጎድል ሠላሳ አንድ ብቻ ቀርተውኛል። የሁለት መቶው ተስፋዬ ሁለት ሆድ ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ቅጠሉ መክሰስ ነበር» አልኳቸው።

ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ገቡና ሁለቱንም አምባዛ በእጃቸው እየታገሉ አወጡ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ሰፈሩ ሰላም አገኘ፤ እኔ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በር በሩን ማየት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ይኸው እኔ ዛሬም የሰው ልብስ ሳጥብ እውላለሁ፤ እሳቸው ኩሬው ዳር ተቀምጠው ወፍ ያባርሩልኛል። ማታ ስመለስ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚዋል ለዓሦቹ ሲመክሩ ከውጭ ይሰማኛል። አልከለክላቸውም። ሠላሳ አንዱም በደህና እያደጉ ነው፤ ዓሣ ይሉኝታ የለውም።