የሚስ ሱኒታ ሳልና የእኔ ባህር ዛፍ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ «ሽማግሌው ቀልድ ጀመረ» እንዳትሉኝ። እንዲህ የሚያዋርድ ቀልድ ማን በራሱ ላይ ይቀልዳል?

ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ፤ እኔም የምጽፈው ባንድ ጣት ነው።

እንጦጦ ግርጌ፣ የካ ያለው ግቢዬ ውስጥ ሚስ ሱኒታ የምትባል ህንዳዊት መምህርት ተከራይታለች። በተሰባበረ አማርኛዋ «አባባ» ትለኛለች። እኔና ባለቤቴም እንደ ልጃችን ነው የምናያት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጉንፋን ያዛት። ከዚያ ሳሉ አልለቅ አለ። በማስክ ትወጣለች፣ በማስክ ትገባለች። አየር የሚያጣራ ማሽን ሁሉ ገዛች፤ አየሩ ሲበላሽ ቀይ ያበራል።

ጠዋት ጠዋት ቀይ!

«እዚህ? እንጦጦ ሥር? የታመመው ማሽኑ ነው!» አልኳት። ሰው ከመገናኛ የመኪና ጭስ ሸሽቶ እኛ ጋ አየር ሊቀበል ይመጣ የለ?

እሁድ ዕለት ግን ሻንጣዋን አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። «አባባ፣ ካልተሻለኝ አገሬ እመለሳለሁ» አለችኝ። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔማ ወንድ ነኝ፤ ከውሻው ቤት ጀርባ ሄጄ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬ ክሊኒክ ወሰድኳት። በሰው አገር ብቻን መታመም ይከብዳል። ኮቴን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ወረፋ የሚያቋርጠውን ሁሉ እየገሠጽኩ አስገባኋት። ጀግና ነበርኩ!

እስከ ዶክተሯ ክፍል ድረስ።

ከሱኒታ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩና ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ማሽኑ የሚቀላው ጠዋት ብቻ ነው ትላለች። ግቢያችሁ ጠዋት ጠዋት ምን ይነዳል?»

ምን ይነዳል?

እሺ፣ ለእናንተ ልናዘዝ። ጉንፋን ከያዛት ወዲህ በየማለዳው እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል መስኮቷ ሥር አጨስላት ነበር። ለመድኃኒት! እንቅልፏን እንዳልረብሽ በእግር ጣቴ እየሄድኩ።

ሳሉ ሲብስባት ደግሞ ቅጠሉን እጥፍ አደረግኩት።

«እ... ትንሽ ቅጠል» አልኩ።

«ማን ነው የሚያነደው?»

ከዘራዬን አየሁ። ከዘራዬ ምንም አላለም። «እኔ ነኝ። እንድትድንልኝ ብዬ።»

ሱኒታ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳለች፤ ደግሞ ሳቀች።

ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። «ይቀመጡ፣ የእርስዎንም ደረት ልስማ።» ሰማች። «አባባ፣ ይሄ ደረት ነው ወይስ የሾላ ገበያ ወፍጮ?»

ለሁለታችንም ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠን። አስታማሚ ሆኜ ሄጄ ታማሚ ሆኜ ተመለስኩ!

አሁን ግን ስሙኝ። አንገቴን ደፍቼ አልቀመጥም! የእንጦጦ አየር ጥሩ ነው፤ ዛሬም እላለሁ! ያበላሸሁት እኔ፣ የማስተካክለውም እኔ። ሱኒታ «ነገ ጠዋት ማሽኑ አረንጓዴ ከሆነ እቆያለሁ» ብላለች። ይሆናል!

ከክሊኒክ እንደተመለስን ወዲያው፣ ጎረቤቴ ታደሰ አጥሩ ሥር ቆሻሻ ማንደድ አይጀምር መሰላችሁ? ከዘራዬን ይዤ ደረስኩበት። «አጥፋ! ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለ!»

«ጋሼ፣ ትናንት ክብሪት የተዋሱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ! አልመልስልህም!»

እየሳቀ አጠፋው።

ክብሪቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ እጄ ማለዳ የለመደውን እንዳያደርግ ደበቀችው። በሰባ አራት ዓመቱ እንደ ሕፃን ክብሪት የሚደበቅበት ሰው ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?