መድረክ ላይ የተገዘተው ሣር

የአገራችን ሰው ቴአትር ማየት አያውቅም የሚል ካጋጠማችሁ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ላኩልኝ፤ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይዤ እጠብቀዋለሁ። አዲስ አበባ ስማር ከክፍሌ ይልቅ ቴአትር ቤት ደጃፍ የማልጠፋ ሰው ነበርሁ። እዚህ ለማስተማር ከመጣሁ ወዲህም አንድ ተውኔት አምልጦኝ አያውቅም። ያለኔ አስተያየት መጋረጃ አይዘጋም። በርግጥ ከኔ አስተያየት በኋላም አንዳንዴ አይዘጋም፤ ገመዱ ይያዛል።

ዘንድሮ ሦስት አየሁ። የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ድራማ ነው። ልጅቷ አልጋ ላይ ወድቃ ልትሞት ስታጣጥር ሦስት ዘፈን ዘፈነች፤ ጤነኛ ሳለች ግን አንድም አልዘፈነችም። ሁለተኛው የሰካራም ባል ታሪክ ነበር። ባልዬው ስካሩን ከመጋረጃ ጀርባ አጥብቆ ሲለማመድ ስለቆየ መድረክ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሚስትዬው የሁለቱንም ቃል ብቻዋን ተናግራ ጨረሰችው። እውነቴን ነው፣ ጨዋታው አማረ።

ሦስተኛው የታደለ ነው። ታደለ አብሮኝ የሚያስተምር ወጣት ሲሆን ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ዋና ተዋናይም ራሱ ነው። ታሪኩ ስለ ጓሳ ነው። ጓሳ ከከተማችን በላይ ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ብቻ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ሌባ ሣሩን ቀድሞ ያጭዳል፣ በሦስተኛው ገቢር ቄስ ይገዝታል፣ በአምስተኛው ሌባው በግዝቱ ይሞታል። በልምምዱ ላይ ቄሱን የተጫወተው የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር ነበር፤ የጥጥ ጢሙ በተናገረ ቁጥር አፉ ይገባል። እኔ አዋቂው ምን አልሁ? «ታደለ፣ ተፈጥሯዊ እንዲሆን እውነተኛ ቄስ አምጣ!»

የደብራችን ቄስ መምሬ ወልዴ፣ «ሣራችንን የሚያስጠብቅ ከሆነማ ደግ ነው» ብለው እሺ አሉ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። መምሬ መስቀላቸውን አነሡ። «እኔ ሳልፈታ ጓሳ ማጭድ ያገባ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን!» ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። አድናቆት መስሎኝ አጨበጨብሁ። ብቻዬን። ሰዉ የቀረውን ገቢር ሳያይ እያማተበ ወጣ።

አሁን ጉዳዩን ተመልከቱልኝ። ጓሳ የሚከፈተው በማግሥቱ ሰኞ ነበር። ሰኞ ማንም አልወጣም። ማክሰኞም ማንም አልወጣም። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አሮጌውን ክዳን አስወርደው፣ ለሐሙስ ደቦ ጠርተው፣ ቤታቸው ወጋግራው ብቻ ቀርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ማክሰኞ ማታ ቤቴ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ምን በደልሁህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትወና እኮ ነው!»

«መምሬ የነፍስ አባቴ ናቸው። መድረክ ሲወጡ ቅስናቸውን በር ላይ ያስቀምጡታል?»

የአራት ዓመት ትምህርቴን ሁሉ ፈተሽሁት፤ ስለዚህ ነገር ያስተማረኝ የለም። አፈርሁም። ረቡዕ በጠዋት መምሬ ዘንድ ሮጥሁ።

«ልጄ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሉ። «ታደለ ቢጽፈውም የተናገረው የኔ አንደበት ነው።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ይፍቱታ!»

«በሕዝብ ፊት አስሬ ጓዳ ውስጥ እፈታለሁ? እዚያው፣ እነዚያው ሰዎች በተሰበሰቡበት ነው የምፈታው።»

ተውኔቱ እንደገና መታየት አለበት ማለት ነው። ታደለ ስነግረው ደሙ ፈላ። «ግዝቱ ከተፈታ ሌባዬ በምን ይሞታል? አንዲት ቃል አልነካም!» ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእትዬ አስካለ ቤት ግን የኔን ጥፋት መሸከም የለበትም ብዬ ለመንሁት። እያጉረመረመ ተስማማ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አዳራሹ ከእሑዱም በለጠ። ማጭድና ገመድ ያልያዘ ተመልካች እኔ ብቻ ነበርሁ። መምሬ ሦስተኛውን ገቢር አልጠበቁም። ታደለ ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲጀምር ወጡና፣ «እግዚአብሔር ይፍታ፣ በመድረክ የገዘትሁትን ፈትቻለሁ!» አሉ። «አሜን!» ብሎ አዳራሹ ተነቃነቀ፤ ወዲያው በበሩ ተንጋግቶ ወደ ጓሳ ነጎደ። ታደለ በሌባ ልብሱ መድረኩ ላይ ቀረ።

«አልወደዱትም?» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ምን ልበለው? አዲስ አበባ ባየሁት ቴአትር ሁሉ ተመልካቹ አጨብጭቦ ቤቱ ነው የሚገባው። የዚህን ልጅ ቃል ግን አንድ አገር ሙሉ ሦስት ቀን ማጭዱን ሰቅሎ አክብሮታል። ይህንኑ ነገርሁት። አላጽናናውም።

ሐሙስ ደቦው ተሰብስቦ የእትዬ አስካለን ቤት ከደነ፤ ዓርብ ዝናቡ ወረደ። ቅዳሜ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ብገባ፣ ወለሉ ደርቆ፣ እሳቸው ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ።

«ለመሆኑ ያ ሣር ሌባ መጨረሻው ምን ሆነ? ሳናየው ወጣን እኮ።»

«ሞተ፣ እትዬ።»

ወደ አዲሱ ክዳናቸው ቀና አሉ።

«መምሬ ፈትተውት የለም እንዴ? ታዲያ ምን ገደለው?»

ለታደለ ሄጄ ነገርሁት። አምስተኛውን ገቢር እስከ ዛሬ እየጻፈው ነው።