አንድም ባዩ መሪጌታና የካውቦዩ ፊልም

በየሰፈሩ አንድን ነገር በአንድ ትርጉም ማሳለፍ የማይሆንለት ሰው አለ። እንዴት አደርክ ሲሉት፣ ምን አስበህ ጠየቅከኝ የሚል። የእናንተ ምናልባት ጡረታ የወጣ ዳኛ ይሆናል፤ ምናልባትም አማታችሁ ናቸው። እኛ ላሊበላ የነበሩን ክቡር መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ፤ በዚህ ረገድ በላስታ ምድር የሚወዳደራቸው አልነበረም።

መሪጌታ የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ሰው ናቸው። በትርጓሜ ቤት አንድ ቃል ሲፈታ መጀመሪያ አንድ ፍቺ ይሰጠዋል፤ ከዚያ "አንድም" ተብሎ ሁለተኛው ይጨመራል፤ ደግሞ "አንድም" ተብሎ ሦስተኛው። ዘዴው የተሠራው ለመጽሐፍ ነው። እሳቸው ግን ለዶሮም ለደብዳቤም ይጠቀሙበታል። የጎረቤት ዶሮ ግቢያቸው ብትገባ፣ አንድም ጥሬ ፍለጋ ነው፣ አንድም መንገድ ጠፍቷት ነው፣ አንድም እቤቷ ሰላም የለም ይላሉ። ባለቤቲቱ ሦስተኛውን ሰምታ እስከ ፍልሰታ አኩርፋቸዋለች።

ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ ወታደር ልጃቸው የላከውን ደብዳቤ እንዲያነቡላቸው ወሰዱላቸው። ደብዳቤው ደህና ነኝ ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንድም ደህና ነው፣ አንድም ታሞ ድኗል፣ አንድም እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎ ነው አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ በማግስቱ ስለት ይዘው በእግራቸው ይምርሐነ ክርስቶስ ወጡ። ልጁ ደህና ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ 1972። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ መሪጌታ ደግሞ፣ ይግረማችሁና፣ የቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ። የመረጣቸው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ደርበው ነው፤ ቁም ጽሕፈታቸውን ወድዶ። በብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ሁሉ፣ መሪጌታ "አብዮት" የሚለውን ቃል በለመደ እጃቸው በቀይ ይጽፉት ነበር። ጓድ ደርበው ይህን እንደ ንቃት ቆጠረላቸው። እሳቸው ጋዜጣውን እንደ ልጅ ይወዱታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ራሳቸው በሙጫ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ራቅ ብለው ቆመው ያነቡታል።

አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግን የመጣ አንድ ፈረንጅ ሲሄድ የፊልም ማሽንና በሦስት ጥቅል የተከፈለ አንድ የካውቦይ ፊልም ለትምህርት ቤቱ ትቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ መስኮት ላይ ጋቢ ጋርደን አሳየነው። ማሽኑን ያጠመድኩት እኔ ነኝ። አዋቂ ለመምሰል ስጣደፍ ሦስተኛውን ጥቅል አስቀደምኩት። ስለዚህ ፊልሙ ገና እንደጀመረ ካውቦዩ ተመትቶ ሞተ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በፈረስ እየጋለበ መጣ። አዳራሹ ቅንጣት አልገረመውም። ሞቶ መነሣት በገድልም ያለ ነው። እንዲያውም አንዳንዶች እልል አሉ።

ያልወደደው ጓድ ደርበው ብቻ ነው። በማግስቱ መሪጌታንና እኔን ጠርቶ፣ ስለ ኢምፔሪያሊስቱ ፊልም ሂስ ጽፋችሁ ቅዳሜ አንብቡ አለን። ሂሱ ካላጠገበኝ ግለ ሂስ ይከተላል አለ። ባለፈው ዓመት ግለ ሂስ ያደረገ አንድ አስተማሪ ደሴ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም ነበር።

ከመሪጌታ ደጃፍ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠን ጻፍን። ካውቦይ ማለት ምንድን ነው አሉኝ። ላም ጠባቂ ነው አልኩ። እንግዲያው ጭቁን እረኛ ነው አሉና ጻፉ፤ ጽፈው ሲያበቁ ቀና ብለው ላሞቹስ አሉኝ። እውነትም በፊልሙ ውስጥ ላም አልነበረም። ባላባት ነጥቆት ይሆናል ብለን አለፍን። ቀጥሎ ክፉው ሰውዬ መጣ፤ ደረቱ ላይ ኮከብ አድርጓል። ኮከብ ያለውን ክፉ ማለት በዚያ ዘመን የሚሞከር አይደለም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ኮከቡ ቀይ መሆን አለመሆኑም አይታወቅም። ብዙ ተከራክረን "ደረቱ ላይ ቆርቆሮ የለጠፈ ሰው" አልነው። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ ያሰብኩበት ሐረግ የለም።

ጣጣው የካውቦዩ ትንሣኤ ላይ ነው። ጭቁን ሕዝብ ቢወድቅም ይነሣል ብለን ጻፍን፤ ደስ አለኝ። መሪጌታ ወዲያው "አንድም" ብለው፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ አምሳል ነው የሚል ጨመሩበት። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ቃሉን በአንድ እግሩ አቆምከው ብለው እያዘኑ ሰረዙት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መሪጌታ በዜማ ቀረሽ ድምፅ አነበቡ። ባላባቱ ስለነጠቀው "አንድም ላም አላየንም" ሲሉ ጓድ ደርበው አቋርጦ፣ ይህኛው አንድም የትርጓሜው ነው ወይስ የላሟ ብሎ ጠየቀ። የላሟ ነው ተባለ፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እስከዚህ ደህና ሄድን። ትንሣኤው ጋ ሲደርሱ ግን ያ የስንት ዓመት ልማድ አሸነፋቸው። ሕዝብ ቢወድቅም ይነሣል ብለው "አንድም" አሉና፣ በወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ የተሰረዘውን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በቃላቸው አወጡት።

ጓድ ደርበው ብድግ አለ። የሃይማኖት ስብከት ነው ወይ ሲል ድንጋጤ አፌን ከፈተውና፣ ኧረ ጓድ፣ ሰውዬው ሞቶ አልተነሣም፣ ጥቅሉ ተዛንፎ ነው አልኩ። ነገሩን ይባስ አበላሸሁት።

"ማነው ያዛነፈው?" አለ።

ማሽኑን ማን እንዳጠመደ ያላየ የለም። ራሱ ጓድ ደርበው ከመሪጌታ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው ፊልሙን ያየው። ደንቡ ግን ጥፋተኛው ራሱ ተነሥቶ እንዲናገር ነው። እኔ አልተነሣሁም። አዳራሹ ወለል ወለሉን ያያል።

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታ። "ዓይኔ ደክሟል፤ የጥቅሉን ቁጥር አላየሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሁላችንም የሚቀጥለውን "አንድም" ጠበቅን። ጓድ ደርበውም እርሳሱን ይዞ ጠበቀ። መሪጌታ ምንም ሳይጨምሩ ቁጭ አሉ። በሕይወታቸው አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር። ጓድ ደርበው ረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ጻፈና፣ ሽማግሌ ስለሆኑ ከጋዜጣው ይነሡ፣ ሌላ ቅጣት የለም አለ።

በሳቸው ቦታ የተተካሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣውን ስለጥፍ በዚያ ያልፋሉ፤ ቆም ብለው ያነቡና፣ ፊደልህ ያዘመመ ነው ልጄ ብለው ይሄዳሉ። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ከአምስት ዓመት በኋላ አርፈው ገነተ ማርያም ሲቀበሩ ሰው ሁሉ የትርጓሜ ሊቅነታቸውን እየጠራ አለቀሰ። እኔ ግን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማሽኑን ያጠመድኩት እኔ እንደሆንኩ ለአንድ ሰው እንኳ ጮክ ብዬ መናገር አልቻልኩም። እወዳቸው ነበር። በሕይወት ሳሉ ሄጄ ይህንኑ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።