የሕሊና ጠባቂዋ

ልጁን የሚያምን ወላጅ ሁሉ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። የማያምነውማ ምን ቸገረው፤ በሩን ቆልፎ ለጥ ብሎ ይተኛል። አንገቱ የሚረዝመው፣ ጆሮው የሚቆመው፣ ሻዩ ሳይጠጣ የሚቀዘቅዝበት «ልጄን አምናታለሁ» ባዩ ነው።

የእነዚህ አማኞች ሊቀ መንበር ከፀጉር ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ የሚሰፉት ሴት ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነው ያስቀመጡት። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ለብርሃኑ ነው» ይላሉ። ብርሃኑ ታዲያ በጣም የሚያስፈልጋቸው ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ያለቻቸው አንድ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ባለቤታቸው የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆኑ ልጅ የሚያሳድጉት በስልክ ሲሆን፣ ምክራቸውም አንዲት ብቻ ናት፤ «እስቲ ትንሽ ተያት።»

ክብርት ልብስ ሰፊ ይቺን ምክር በሰሙ ቁጥር ይከፋቸዋል። መቼ ያዝኳትና ነው የምተዋት ይላሉ። ከዚያ አገር ምድሩ በቃሉ የሚያውቃትን አንቀጽ ያስከትላሉ፤ «እኔ ልጄን አልጠብቅም። ልጄን የሚጠብቃት ሕሊናዋ ነው። እኔ የምጠብቀው ሕሊናዋን ነው።»

የሕሊና አጠባበቃቸው እንዲህ ነው። ልጅቷ አሥር ዓመት የሞላት ዕለት፣ ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ ቤት ብቻሽን ትሄጃለሽ፣ ነጻ ነሽ ብለው አወጁላት። ነጻይቱ ልጅ ከደጃፍ እንደወጣች ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ከፍ አድርጎ ማለፏን አበሰረ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ከመስታወቱ ጀርባ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ያላለቀ ሱሪ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ለደንበኛ የሚያደርሱ መስለው በማዶ በኩል ተከተሉ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እማዬ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ አንቺ ትቀድሚያለሽ ወይስ እኔ ልቁም?» አለቻቸው። ሱሪው ባለቤቱን ሳያይ ተመለሰ።

ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። ይሁንና እየሳቀ፣ የራሱን ልጅ ወደ ሱቅ ሲልክ በዚያች መስኮት በኩል እንዲያልፍ አጥብቆ ያዛል።

መንገዱ የደበቀባቸውን ደግሞ ዩኒፎርሙ ያጋልጥላቸዋል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገብታ ልብስ ስትቀይር፣ ዩኒፎርሙ የስፌት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ምርመራው ይጀመራል። መቀመጫው ላይ አቧራ ካለ መሬት ተቀምጣለች ማለት ነው። እጅጌው ላይ ጠመኔ ካለ ሰሌዳ ወጥታለች። የግራ ትከሻው ከተጨማደደ ቦርሳ የሚያሸክማት ሰነፍ ጓደኛ አለ። «ሰው ይዋሻል፤ ልብስ አይዋሽም» ይላሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው። ምርመራው በሰላም ካለቀ መኪናቸውን እየረገጡ በቀጭን ድምፅ ያንጎራጉራሉ፤

መርፌዬ ብትጠፋ ክሯ ይመራኛል፣
ልጄ ከዓይኔ ስትርቅ ማን ይነግረኛል።

አንድ ነገር ብቻ ለድርድር አይቀርብም። ልጅቷ መርፌ አትነካም። ቤት ትጠርጋለች፣ ጨርቅ ታጥፋለች፤ መርፌና መቀስ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እኔ የተወጋሁት ለሁለታችንም ይበቃል፣ የልጄ ጣት ከእስኪርቢቶ በቀር ሌላ አይለምድም ብለው ምለዋል።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ልጅቷ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። ክፍሏ በሙሉ ሐይቅ ዳር ወዳለ የምርምር ጣቢያ ለሦስት ቀን ሊሄድ ነው፤ ሁለት አዳር። ወላጅ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ያልፈረመለት ይቀራል። ልጅቷ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ስለዚህ ሐይቅ ስታወራ፣ ወፎቹን በደብተሯ ጀርባ ስትሥል ነበር የከረመችው። ክብርት ልብስ ሰፊ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡና የስፌት መኪናው እግር ሥር አስገቡት። «ሕሊናዬን ልጠይቅ» አሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት ዩኒፎርሙ ተዘረጋ። የቀሚሱን ግርጌ ሲገለብጡ እጃቸው ቀጥ አለ። ዝምዝማቱ አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል። ክሩ የራሳቸው ክር ነው፤ እጁ ግን የሳቸው አይደለም። የሳቸው ስፌት ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዘነብለው፤ ይሄኛው ወደ ሌላው። እንዲህ የሚሰፋ ግራኝ ብቻ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ልጅቷን ትጠይቋት ነበር። እሳቸው ግን አልጠየቁም፤ መርማሪ ተጠርጣሪ አያስደነግጥም። ያን ሌሊት ተገላብጠው አደሩ። ማነው ያ ግራኝ? የልጄን ቀሚስ ግርጌ ምን አስይዞት? መጀመሪያስ ማን ተረተረው?

ረቡዕ ጠዋት በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ የክር ጥቅል ይወረወርበት ጀመር። የወረቀት ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ በቀኙ ቀለበ፤ ነጻ ወጣ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በደረቱ ቀለበ፤ ለጊዜው ታለፈ። ፀጉር አስተካካዩ በግራው ቀለበ። ወዲያው መርፌና ክር አምጥተው አጠገቡ ቆሙና እስቲ አስገባልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል አሉት። ሰውዬው ምላሱን አውጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሩብ ሰዓት ታገለ። ሊላጭ የመጣው ደንበኛ ሳሙናው ፊቱ ላይ ደረቀ። «እትዬ፣ ጥፋቴን ንገሩኝና ልታመን» አለ በመጨረሻ። እሱም ተለቀቀ።

ሐሙስ ማታ ልጅቷ ወረቀቱ ተፈርሞ እንደሆነ ጠየቀች።

«አስቀድመሽ ቀሚስሽን ማን እንደሰፋልሽ ንገሪኝ» አሉ።

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ግራኝ አላውቅም።»

ልጅቷ አንዴ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ዝምታዋን እንደ ማስረጃ መዘገቡት።

ዓርብ ለዕረፍት ሲደወል ክብርት ልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ለአዲስ ዩኒፎርም ልኬት መጣሁ ብለው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አለፉት። ወረቀቱ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ ሳይፈረም። ከክፍሎቹ ጀርባ ዞረው አንገታቸውን አሰገጉ።

ደረጃው ላይ አምስት ስድስት ሴት ልጆች ተሰልፈዋል። አንዷ ቁልፏ ወልቋል፣ አንዷ ኪሷ ተቀዷል። ከሰልፉ ፊት፣ መርፌ በኮሌታዋ ሰክታ፣ የተቀዳደደ እጅጌ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተቀመጠችው የገዛ ልጃቸው ናት። ክሩን በጥርሷ ቆረጠች፤ ጫፉን በምራቋ አሾለች። መርፌውን በግራ እጇ ያዘች።

አምስት ዓመቷ ሳለ እርሳስ በግራዋ ስታነሳ ጣቷን እየመቱ፣ አንዳንዴም እጇን በቁራጭ ጨርቅ ከወገቧ ጋር እያሰሩ ወደ ቀኝ የመለሷት እሳቸው ነበሩ። ሥርዓት ነው ብለው። በቀኟ ጻፈች፣ በቀኟ በላች፤ ነገሩ ያኔ ተረሳ። ለካስ በየመንገዱ ሲያሳድዱት የሰነበቱት እጅ፣ ራሳቸው አስረው የሸሸጉት እጅ ኖሯል።

ልጆቹ አይተዋቸው እንደ ወፍ ብትን አሉ። ልጅቷ ብቻ ቀረች፤ መርፌው እጇ ላይ።

«ደረጃ ላይ ረግጬው ተተረተረ» አለች። «ከነገርኩሽ ምርመራ ይጀመራል ብዬ ራሴ ሰፋሁት። መርፌውን ቤት ስጠርግ ነው ያገኘሁት፤ ክሩም ከወለሉ የለቀምኩት ነው። የሌሎቹን ደግሞ... እነሱም እናት አላቸው።»

ክብርት ልብስ ሰፊ አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እጅጌውን ተቀበሏት፣ ገለበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ክሩን አታርዝሚው» አሉ በመጨረሻ። «ከክንድሽ ከበለጠ ይተበተብብሻል።»

መምህራን ክፍል ሲገቡ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የክፍሏ ኃላፊ እኚህን እናት ደህና አድርጎ ያውቃቸዋል። ሲገቡ ገና ሳይጠየቅ ሁለት ተጨማሪ ባዶ ወረቀት አወጣላቸው፤ ምክንያቱም ከፊርማው ሥር «ስለ ልጅዎ መምህራን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ካለ ይጥቀሱ» የሚል ቦታ አለ። ነፋስ፣ ውኃ ዳር፣ የማታ ሹራብ፣ ማን አጠገብ እንደምትተኛ፤ ለዚህ ሁሉ ሁለት ወረቀት ይበቃ ይሆን ብሎ ሦስተኛ ጨመረ።

እሳቸው ፈረሙ። እስኪርቢቶው ክፍት ቦታው ላይ ደርሶ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ብዙ ነገር እስከ ጥርሳቸው መጥቶ ሲመለስ መምህሩ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቶሎ ጻፉና፣ ባዶዎቹን ወረቀቶች ሳይነኩ፣ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ።

እኛ ስናማቸው የኖርን ሁሉ፣ መምህሩ ሁለት ጊዜ ያነበባትን ይህችን እንስማ፤

«ግራኝ ናት። አትከልክሏት።»