ሟቹን ያስጨፈረው ክላርኔት

ዘንድሮ አንድ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው አለ? እኔ አላየሁም። መግቢያውን ሰምተን «ወይ ግሩም» እንልና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ስለ ዜማው ግን ቀኑን ሙሉ እናወራለን። ሌላ ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ፤ ይህን የምጽፈው ፊቴን የምደብቅበት አጥቼ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሙት ዓመት፣ የመጣውን ሁሉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሰው አገር ሙዚቃ እበረብራለሁ። ክሌዝመር የሚባለውን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የድሮ ዜማ ነው፤ የዛሬዎቹ ሙዚቀኞች በአዲስ መልክ እየቀረጹት፣ በየአገሩ ተበትነው ከኖሩት አይሁዶች ዜማ ጋር ያጋቡታል። ክላርኔቱ ከፖላንድ፣ ከበሮው ከየመን ይመጣል። እኔን የገደለኝ ግን ከኛው አገር የሄዱ አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ በግዕዝ የሚያዜሙበት ቅጂ ነው። ጎጃም ተወልዶ፣ ግዕዝ ከክላርኔት ጋር ሰምቶ ዝም የሚል ማን ነው? ክላርኔቱ እንደ አስለቃሽ ሳግ እየተናነቀው ይጀምራል፤ ከዚያ የቄሱ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። እዚያ ስደርስ እንባዬ ይመጣና እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምቼው አላውቅም። ይህ ግን የአይሁድ ሙዚቃ ሊቅ ከመሆን አላገደኝም፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ስደትና ስለ ኀዘን ለጓደኞቼ እተነትን ነበር። እነሱም ሻያቸው እስኪያልቅ ይታገሱኝ ነበር።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ እማማ የሺ የባለቤታቸውን የጋሼ ሞላን ሙት ዓመት ሲያሰናዱ፣ የሟቹን ፎቶዎች በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። ዘመድ ከዲማም ከደብረ ኤልያስም ስለሚመጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ በቴሌቪዥን እንዲታይ ፈልገዋል። በገና ብቻ አድርግበት አሉኝ። በገናማ ማንም ያደርጋል፤ እኔ ይህን የመሰለ ነገር ይዤ? የቄስ ትምህርት ቤቱን ዳዊት ሳልደግም ነው ያቋረጥኩት፤ በቅጂው ላይ ቄሱ ከሚሉት ለይቼ የያዝኩት «እግዚኦ»ን ብቻ ነው። ግን ክላርኔቱ ካለቀሰ፣ ቃሉም ግዕዝ ከሆነ፣ ፍትሐት ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ብዬ አስገባሁት። ይባስ ብዬ ፎቶዎቹ የሙዚቃውን ምት እየተከተሉ እንዲቀያየሩ አደረግሁ። ከዚያም መብራት ሳይጠፋ ልድረስ ብዬ፣ መጨረሻውን ሳላይ በዚያው በሳቸው ፍላሽ ላይ ጭኜ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ።

አጀማመሩ አማረ። ክላርኔቱ አለቀሰ፣ እማማ የሺም አለቀሱ። ግዕዙ ሲመጣ ከፊት የተቀመጡት የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ጆሯቸውን አቀኑ። እኔ ምሰሶ ተደግፌ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ። ከዚያ ቄሱ ዝም አሉ፣ የየመኑ ከበሮ ተነሣ፣ ክላርኔቱም እንባውን ጠርጎ ጭፈራ ገባ። ለካ ክሌዝመር የሠርግ ሙዚቃ ኖሯል፤ ይህን ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ምቱ ሲፈጥን ፎቶዎቹም ፈጠኑ። ጋሼ ሞላ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ደግሞ ቆመው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። በሕይወታቸው በማንም ሠርግ ላይ ያልተነሡ ሰው በሙት ዓመታቸው እስክስታ ወረዱ። ላጠፋ ሪሞቱን አንሥቼ በድንጋጤ ድምፁን ጨመርኩት። የየኔታ መቋሚያ አንድ ሁለቴ መሬቱን ሲመታ አይቻለሁ፤ ግን ለማን ይነገራል?

እንደምንም ሲጠፋ የሰው ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። በዚያች ሰዓት ሰው የሆነ ሰው «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። እኔ ግን «ፍላሹ ነው፤ ፍላሹ ቫይረስ አለበት» አልኩ።

ፍላሹ የማን ነው? የእማማ የሺ። ወሬው በማግስቱ ገበያ ደረሰ። ቫይረስ የሚለውን ያስታወሰ የለም፤ የተያዘው ዘፈኑ እሳቸው ፍላሽ ላይ ነበረ የሚለው ነው። ጥቁራቸውን ሳያወልቁ ጭፈራ አዘጋጅተዋል፣ ለካ በባላቸው ሞት ደስ ብሏቸው ኖሯል ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን ከሰውዬው ጋር የኖሩ፣ ዓመቱን ሙሉ በእንባ የከረሙ ሴት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል መውጣት ጀመሩ። እኔም እሳቸውን ላለማግኘት በጓሮ በኩል እወጣ ነበርና፣ አንድ ጠዋት እዚያው ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ፣ ለየኔታም እነግራለሁ፣ እንዲያውም እሑድ የሰንበቴው ማኅበር ፊት ቆሜ ስማቸውን አነጻለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። በላስቲክ የቋጠሩትን ማር ከነጠላቸው ሥር አወጡና፣ መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ አፍሬ ነው ሳልመጣ የቆየሁ። ያ ጉደኛ ፍላሼ እንጀራህን ሊያዘጋብህ ነበር አሉ። በሰው ፊት አዋረድሁህ፤ ይቅር በለኝ።»

ማሩን ተቀበልኩ። ከዚያም፣ ጉድ በሉ፣ «ግድ የለም እማማ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው።